የዱር ዳክዬ፦ በሽታ አድራሽ ወይስ በሽታ የፈጀው? የወፍ ጉንፋንና የውሃ ወፎች፤ ዳሰሳ

የወፍ ጉንፋን በተነሣ ቁጥር የዱር ዳክዬና ዝይ ሁለት የማይታረቁ ስሞች ይወጡላቸዋል። ለዶሮ አርቢው በሽታውን ከሰማይ ይዘው የሚወርዱት እነሱ ናቸው። ለተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያው ደግሞ ከሰው እርባታ የወጣ በሽታ የሚፈጃቸው እነሱ ናቸው። ሁለቱም ወገን ማስረጃ ያቀርባል፣ ማስረጃውም እውነተኛ ነው። ክርክሩ እልባት ያጣው «የዱር ወፍ» እና «የወፍ ጉንፋን» የሚባሉት ስሞች እጅግ የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልለው ስለያዙ ይመስለኛል። የትኛው ወፍ፣ የትኛው ቫይረስ፣ በየትኛው ዘመን ብለን ስንለይ ከተቃርኖው አብዛኛው ይፈታል። የማይፈታውም ጥርት ብሎ ይታያል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዶሮ ቸነፈር እስከ ዳክዬ አንጀት

የበሽታው የጽሑፍ ታሪክ የሚጀምረው ከዶሮ ነው። ጣሊያናዊው ኤዶአርዶ ፔሮንቺቶ በ1878 በሰሜን ጣሊያን ዶሮዎችን በጅምላ የፈጀ በሽታ መዘገበ። በ1901 የበሽታው መንሥኤ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር መሆኑ ታወቀ። የኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረስ መሆኑን ቬርነር ሼፈር ያሳየው ግን በ1955 ነው። እስከዚያ ድረስ የዱር ወፎችን ስም ከዚህ በሽታ ጋር ያነሣ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ምልክት የመጣው ከአፍሪካ ነው። በ1961 በደቡብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ከ1,000 በላይ ተርን የሚባሉ የባሕር ወፎች ሞተው ተገኙ፤ ኤች5ኤን3 የተሰኘ ቫይረስም ተለየባቸው። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል በዱር ወፎች ላይ የደረሰ ትልቅ እልቂት ሲጠቀስ የሚነሣው ይህ አንድ ክስተት ብቻ ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ በካሊፎርኒያና በካናዳ ሐይቆች ጤነኛ የሚመስሉ የዱር ዳክዬዎች ሲመረመሩ ቫይረሱ በብዛት ተገኘ። ሮበርት ዌብስተርና ቨርጂኒያ ሂንሾው ከባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉት ምርመራ ቫይረሱ የዳክዬውን አንጀት እንደሚያጠቃ፣ ከኩስ ጋር ወጥቶ ከሐይቅ ውሃም ሊለይ እንደሚችል አረጋገጠ። በካናዳ በበጋው ማብቂያ ላይ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚሰደዱት ጫጩቶች እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱን ይዘው የተገኙበት ጊዜ አለ። የብርዱ ወራት ሲመጣ ይህ ቁጥር ወደ ጥቂት በመቶ ይወርዳል።

ከእነዚህ ሥራዎች የተወለደው ሥዕል ለሠላሳ ዓመት ያህል የመማሪያ መጻሕፍት አቋም ሆኖ ቆየ። ከኤች1 እስከ ኤች16 ያሉት የኢንፍሉዌንዛ ኤ ዓይነቶች ተፈጥሯዊ ማደሪያ የውሃና የባሕር ዳርቻ ወፎች ናቸው፤ ቫይረሱ አይገድላቸውም፣ እነሱም አያጠፉትም ተባለ።

በዚህ ሥዕል ላይ አንድ ልዩነት አብሮ መጠቀስ አለበት። ቫይረሱ ወደ ሴል ለመግባት የላይኛው ፕሮቲኑ በኢንዛይም መሰንጠቅ ያስፈልገዋል። ቀላሉ በሚባለው ዓይነት ይህን የሚሠሩት በመተንፈሻና በአንጀት አካባቢ የሚገኙ ኢንዛይሞች ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ሕመሙ እዚያው ይታጠራል። ኤች5 እና ኤች7 ወደ ዶሮ እርባታ ሲገቡ ግን የመሰንጠቂያው ቦታ ሊለወጥና ፉሪን የተባለ፣ በመላ አካል የሚገኝ ኢንዛይም ሊሰነጥቀው ይችላል። ያን ጊዜ ቫይረሱ ወደ አንጎል፣ ወደ ቆሽት፣ ወደ ልብ ይዘልቃል። ገዳዩ ዓይነት የሚባለው ይህ ነው። ለውጡም እስካሁን በታወቁት ወረርሽኞች በአብዛኛው የተከሰተው በእርባታ ዶሮዎች ላይ እንጂ በዱር ዳክዬ ላይ አይደለም።

ቀላሉ ዓይነት በእርግጥ ቀላል ነው?

«አይገድልም» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው የሳይንስ ሙግትም የተነሣው ከዚህ ነው። በ2007 ያን ፋን ኺልስና ባልደረቦቹ በኔዘርላንድስ የሚከርሙ የቢዊክ ስዋኖችን ተከታትለው፣ ቀላሉ ቫይረስ የተገኘባቸው ከጤነኞቹ ከአንድ ወር በላይ ዘግይተው መነሣታቸውን፣ አጭር ርቀት መጓዛቸውንና ሲመገቡም ቀስ ማለታቸውን ጻፉ። ለሩቅ ተጓዥ ወፍ አንድ ወር ትልቅ ነገር ነው፤ ሰሜን ዘግይቶ የደረሰ ወፍ ጎጆም ምግብም ተወስዶበት ይጠብቀዋል። ችግሩ መከታተያ መሣሪያ ከታሰረላቸው ስዋኖች መካከል ቫይረሱ የነበረባቸው በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከስዊድን የተለየ መልስ መጣ። ኔውስ ላቶሬ ማርጋሌፍና ባልደረቦቿ በኦተንቢ የወፍ ጣቢያ የተያዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ማላርድ ዳክዬዎችን መርምረው፣ የተያዙት ከጤነኞቹ በጥቂት ግራም ብቻ እንደሚቀልሉ፣ የጉዟቸው ፍጥነትና ርቀት ግን እንዳልተለየ አሳዩ። በ2013 ታይስ ኩይከን ጉዳዩን ገምግሞ፣ ቀላሉ ቫይረስ ለዱር ወፍ ጉዳት የለውም የሚለው ልማድ እስከዚያ ከቀረበው ማስረጃ በላይ እንደሄደ ተከራከረ።

ሁለቱ ጥናቶች የግድ አይጋጩም። ስዋን ሌላ ነው፣ ማላርድ ሌላ። ሁለቱንም የሚፈትነው ጥያቄ ግን እዚያው አለ፦ ቫይረሱ ነው ወፉን ያከሳው፣ ወይስ የከሳው ወፍ ነው በቫይረሱ የሚያዘው? ወፎችን አንድ ጊዜ ይዞ በመመርመር ይህ አይለይም። ያንኑ ወፍ ከመያዙ በፊትም በኋላም መመዘን ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ በዱር ውስጥ እጅግ አድካሚ ሥራ ነው።

ቺንግሃይ፣ 2005

አሮጌውን ሥዕል የሰበረው በደቡብ ቻይና ከአንድ የቤት ዝይ የተለየ ቫይረስ ነው። በ1996 በጓንግዶንግ የተገኘው ይህ ኤች5ኤን1 በማግስቱ ዓመት በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎችን ይዞ ስድስቱን ገደለ። በ2002 ማብቂያ ላይ በዚያው በሆንግ ኮንግ የመናፈሻ ኩሬዎች ዳክዬና ሌሎች የውሃ ወፎች ሞቱ። በ2005 የጸደይ ወራት በምዕራብ ቻይና ቺንግሃይ ሐይቅ የሆነው ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ሂማላያን አቋርጠው የሚበርሩት፣ ራሳቸው ላይ ጥቁር መስመር ያላቸው ዝይዎች ከሌሎች የውሃ ወፎች ጋር ከ6,000 በላይ ሆነው ሞቱ። ከዚያ ዝይ ዝርያ የዓለም ቁጥር ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው በአንድ ሐይቅ ላይ እንደረገፈ ተገመተ።

በጥቂት ወራት ውስጥ ያው የቫይረስ ሐረግ ወደ ሩሲያ፣ ወደ ቱርክ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ዘለቀ። በየካቲት 2006 በጀርመን ሩገን ደሴት ዳርቻ የሞቱ ስዋኖች ሲለቀሙ፣ በዚያው ወር ናይጄሪያና ግብፅ በሽታው በዶሮዎቻቸው ላይ መግባቱን አስታወቁ። በዚያው ዓመት ከሱዳንና ከጂቡቲም ሪፖርት መጣ። በኢትዮጵያ ጉብሬ በሚገኝ የዶሮ እርባታ ላይ የተነሣው ጥርጣሬ ተመርምሮ የወፍ ጉንፋን አለመሆኑ ቢታወቅም፣ የዶሮ ገበያው ድንጋጤ ግን ደርሶት ነበር።

ወፏ ወይስ ንግዱ?

ቫይረሱን ማን አጓጓዘው? በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ጎራ ተፈጠረ፤ ሙግቱም ለአሥር ዓመት ያህል መራራ ነበር።

የመጀመሪያው ጎራ ንግዱን ያያል። ሚሼል ጎቲዬ-ክሌርና ባልደረቦቹ በ2007 ባወጡት ሂስ፣ የበሽታው መስመር ከወፎች የጉዞ ካርታና ወቅት ይልቅ ከጫጩት፣ ከዶሮና ከእርባታ ተረፈ ምርት ዝውውር ጋር እንደሚገጥም ተከራከሩ። ጠንካራው ነጥባቸው ቀላል ነው፦ ጤነኛ በሚመስሉ የዱር ወፎች ላይ ገዳዩ ቫይረስ የት አለ? ዩናይትድ ስቴትስ በእነዚያ ዓመታት ከመቶ ሺህ በላይ የዱር ወፎችን መርምራ አንድም አላገኘችም። የታመመ ወፍ ደግሞ አህጉር አያቋርጥም ይሉ ነበር።

ሁለተኛው ጎራ ወፎቹን ያያል። ማርም ኪልፓትሪክና ባልደረቦቹ በ2006 የንግድ መጠንን፣ የወፎችን ፍልሰትና የቫይረሱን የዘር ሐረግ አንድ ላይ አድርገው አስልተው፣ በአውሮፓ ከገባባቸው 23 አገሮች በ20ዎቹ ዕድሉ ወደ ፍልሰተኛ ወፎች እንደሚያደላ፣ በእስያ ግን ንግዱ እንደሚበልጥ፣ በአፍሪካ ደግሞ ሁለቱም እንዳሉበት ጻፉ። ኒኮላ ጌዴና ባልደረቦቹ በሳተላይት የተከታተሏቸውን ወፎች ጉዞ መርምረው ያቀረቡት ማስረጃ መካከለኛ ነው። አንድ ዳክዬ ምልክት ሳያሳይ ቫይረሱን ይዞ ብዙ መቶ፣ አልፎም ሺህ ኪሎ ሜትር መሄድ ይችላል፤ ነገር ግን በዓመት ውስጥ ሕመሙና ረጅሙ በረራ የሚገጣጠሙባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። በዚህ ስሌት አንድ ዳክዬ ብቻውን ቫይረሱን ከእስያ እስከ አፍሪካ አያደርሰውም፤ እየተቀባበሉ ግን ሊያደርሱት ይችላሉ።

ክርክሩን ያረገበው የ2014ቱ ኤች5ኤን8 ነው። በኮሪያ ታየ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ አውሮፓም ሰሜን አሜሪካም ደረሰ። በ2016 የታተመው የዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች የዘር ሐረግ ጥናት ቫይረሱ በሰሜን ከሚራቡ ወፎች ጋር ወደ ሁለቱ አህጉራት መሻገሩን አሳየ። ስለዚህ ዛሬ «ወፎች አያጓጉዙትም» የሚል የለም ማለት ይቻላል። ይህ ግን የንግዱን ጎራ አልሻረውም። ናይጄሪያ በ2006 የገባባት ቫይረስ ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ከተለያየ ምንጭ መምጣቱ ተረጋግጧል፤ በአንድ አገር ውስጥ ከገበያ ወደ ገበያ የሚያዛምተውም በአብዛኛው የሰው እጅ ነው።

ማን ይሞታል፣ ማን ይሸከማል?

የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል። በኔዘርላንድስ ኤራስመስ የሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች በ2008 ስድስት የዱር ዳክዬ ዝርያዎችን በኤች5ኤን1 ሲፈትኑ፣ ጠላቂዎቹ ባለ ቁንጮ ዳክዬና ፖቻርድ በጠና ታመሙ። ማላርድ ግን ያለ ምንም ምልክት ብዙ ቫይረስ ረጨ። አንዱ ለሌሎቹ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይሞታል፤ ሌላው ዝም ብሎ ያሻግራል። «የዱር ዳክዬ ይሸከማል» የሚለውም «የዱር ዳክዬ ይሞታል» የሚለውም እውነት የሚሆነው ለዚህ ነው።

የመሞቱ መልክ ራሱ ለተመልካች ይለያል። በገዳዩ ዓይነት የተያዘ ስዋን አንገቱን ወደ ጀርባው ይጠመዝዛል፣ ውሃው ላይ በአንድ አቅጣጫ እየዞረ ይቀራል፣ የዓይኑ ብሌን ይደፈርሳል። አስከሬኑ ሲከፈት ቆሽቱ በስብሶ ነጠብጣብ ይታይበታል፣ አንጎሉም ይቆጣል። ከሕመሙ የተረፉትም ምልክት ይዘው ሊቀሩ ይችላሉ፤ በስኮትላንድ ባስ ሮክ ደሴት የሚራቡት ጋኔት የተባሉ የባሕር ወፎች ካገገሙ በኋላ ሰማያዊ ፈዘዝ ያለው የዓይናቸው ቀለበት ጠቁሮ ታይቷል።

ዳክዬ ለምን ይቋቋማል? ከቀረቡት ማብራሪያዎች ጎልቶ የሚጠቀሰው በ2010 የካትሪን ማጎር ቡድን በካናዳ ያሳየው ነው። ዳክዬ የቫይረስን መግባት የሚያውቅ ሪግ-አይ የተባለ ዘረመል አለው፤ ዶሮ የለውም። ይህ ግን ከዳክዬ ዝርያ ዝርያ ያለውን ልዩነት ብቻውን አይገልጽም። ሌላው ማብራሪያ የቀድሞ ሕመም ነው። ቀላሉ ኤች5 ቀድሞ የያዛቸው ማላርዶች ገዳዩ ሲመጣ በከፊል እንደሚጠበቁ በሙከራ ታይቷል። ይህ እውነት ከሆነ ያ «ምንም አያደርግም» የተባለው ቀላል ቫይረስ ለዳክዬው ክትባት ሲሆነው፣ ለዶሮ አርቢው ደግሞ የአደጋው መደበቂያ ሆኗል፤ ምልክት የማያሳይ ተሸካሚ ያበዛልና።

ከ2020 በኋላ

በ2014 ማብቂያ ሰሜን አሜሪካ የገባው ቫይረስ ከዱር ዳክዬዎቹ ራሱ ጠፍቶ ተመራማሪዎችን ግራ አጋብቶ ነበር። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ገዳዩ ዓይነት ከእርባታ ዶሮ ካልተቀዳ በዱር ብቻውን አይቆይም የሚል ተስፋ ያዙ። ከ2020 ወዲህ የተስፋፋው ኤች5ኤን1 ግን ያን ተስፋ አፈረሰው። በአውሮፓ በጋውን አልፎ ዓመቱን ሙሉ ከወፎች ጋር ቆየ። በ2021 ማብቂያ አትላንቲክን ተሻግሮ ኒውፋውንድላንድ ደረሰ፣ ከአሜሪካ አገር በቀል ቫይረሶች ጋር ዘረመል ተለዋወጠ። በ2022 እና 2023 በፔሩና በቺሊ የባሕር ወፎችን በመቶ ሺዎች ፈጀ፣ በየካቲት 2024 የአንታርክቲካ ዋና ምድር ላይ ተገኘ።

በውሃ ወፎች ላይ የደረሰው ጉዳት በዚህ ዘመን ከግለሰብ ወፍ አልፎ የሕዝብ ብዛት ጉዳይ ሆኗል። ከስቫልባርድ ወርደው በስኮትላንድና እንግሊዝ ድንበር በሶልዌይ ባሕረ ሰላጤ ከሚከርሙት የባርናክል ዝይዎች በ2021 እና 2022 መካከል በነበረው የብርድ ወራት 13,200 ያህሉ እንደሞቱ ተገምቷል፤ ከጠቅላላው ሲሶ ማለት ነው። በግሪክ ሚክሪ ፕሬስፓ ሐይቅ በ2022 ከ1,700 በላይ የዳልማሺያ ፔሊካኖች ሞቱ፤ በዚያ ዓመት የደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ጠቅላላ ቁጥር በ40 በመቶ ገደማ እንዳነሰ ተገምቷል። ለፔሊካን ጉዳቱ ከዝይው ይብሳል፤ ዕድሜው ረጅም፣ ጫጩቱ ጥቂት ነው። አዋቂዎቹ ሲያልቁ መተካት ብዙ ዓመት ይወስዳል። ዝይ ቶሎ ይራባል፤ ስለዚህ ሁለቱን በሞቱት ቁጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

የሑላ ክሬኖች

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ቅርብ የሆነው በታኅሣሥ 2021 በሰሜን እስራኤል ሑላ ሸለቆ የደረሰው ነው። 8,000 የሚሆኑ ግራጫ ክሬኖች ሞቱ፤ በሸለቆው ከሚከርሙት አምስት አንዱ ገደማ። ነጭ የመከላከያ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች ጥልቀት ከሌለው ሐይቅ አስከሬን እየጎተቱ ያወጡ ነበር። በአካባቢው እርባታዎች ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች ተወገዱ።

ቅርበቱ የጉዞ ነው። ከፊንላንድና ከምዕራብ ሩሲያ የሚነሡት ክሬኖች ከፊሎቹ እስራኤል ይከርማሉ፣ ከፊሎቹ እስከ ኢትዮጵያ ይዘልቃሉ፤ በጣና ዳርቻና በሱሉልታ ሜዳ በበጋ የሚታዩት እነሱ ናቸው። በሑላ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ክሬኖቹ ሰብል እንዳያጠፉ በተለየ ቦታ በቆሎ ይሰጣቸዋል። ተቺዎች ይህ መኖ ወፎቹን ከጉዞ አስቀርቶ በአንድ ጠባብ ቦታ በአሥር ሺዎች አጨቃቸው፣ ቫይረሱም እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚፈልገው ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ መኖው ቢቆም ወፎቹ በየማሳውና በየእርባታው ይበተናሉ፣ የመተላለፊያው በር የሚሰፋው ያኔ ነው ይላሉ። ሁለቱም ሥጋት በእኔ ዕይታ ተጨባጭ ነው። ፈታኙ፣ ጥግግት ወረርሽኙ ምን ያህል ወፍ እንደሚገድል ሲወስን፣ መበተን ደግሞ ምን ያህል ቦታ እንደሚደርስ መወሰኑ ነው። አንዱን ስትቀንስ ሌላውን ትጨምራለህ። ረግረጉ ሰፊና ብዙ ቢሆን ኖሮ ምርጫው ይህን ያህል ባልጠበበ ነበር፤ የሑላ ሐይቅና ረግረግ በ1950ዎቹ ደርቆ፣ ከፊሉ ብቻ በ1990ዎቹ እንደገና ውሃ እንዲተኛበት መደረጉን ማስታወስ ይገባል።

አስከሬን ማንሣትስ?

በዱር ወፎች ላይ ክትባትም ሕክምናም በሰፊው አይሠራም። የቀረው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ አደንና ሰው መግባትን መገደብ፣ ቅኝት፣ አስከሬን ማንሣት። በአስከሬን ላይ ሐሳቡ ለሁለት ተከፍሎ ቆይቷል። ማንሣቱ ጎጆ ያሉ ወፎችን ያስበረግጋል፣ ሠራተኛውንም ያጋልጣል የሚሉ ነበሩ። በ2022 በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ የሳንድዊች ተርን መራቢያዎች ሲነጻጸሩ ግን አስከሬን ቶሎ በተነሣባቸው ቦታዎች የአዋቂ ወፎች ሞት አንሶ ተገኝቷል። ማስረጃው የንጽጽር እንጂ የሙከራ አይደለም፤ ቶሎ ያነሡት ቦታዎች በሌላም ነገር ሊለዩ ይችላሉ። የሞተን የሚበሉ ንስሮችና ጥንብ አንሣዎች በሕመሙ እንደሚያዙ መታወቁ ግን የማንሣቱን ወገን ያጠናክራል።

ከጣና እስከ አቢያታ

በአፍሪካ ሐይቆች ላይ የቆየው ግምት ሙቀቱ ቫይረሱን ይገድለዋል የሚል ነበር። በላቦራቶሪ ቫይረሱ በቀዝቃዛ፣ ጨው በሌለውና አልካሊነቱ ባልበዛ ውሃ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሲሞቅ፣ ጨው ሲበዛና አልካሊነቱ ሲጨምር ዕድሜው ያጥራል። በዚህ መለኪያ እንደ ሻላና አቢያታ ያሉ ሶዳ የበዛባቸው ሐይቆች ለቫይረሱ አይመቹም፤ ጣናና ዝዋይ ግን ጨው የሌላቸው በመሆናቸው በዚያ ዋስትና አይጠበቁም። የጌዴ ቡድን በ2006 በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ባደረገው ቅኝት ቫይረሱን ከአውሮፓና ከእስያ በሚመጡትም በአገሬው የውሃ ወፎችም ላይ አግኝቶ፣ ሙቀቱ ብቻውን አጥር እንደማይሆን አሳይቷል። በጥር 2017 በኡጋንዳ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ምድር ወገብ ሥር፣ ክንፈ ነጭ ተርኖች በኤች5ኤን8 ሞተው ተገኝተዋል። በ2021 መጀመሪያ በሴኔጋል ጁጅ ፓርክ 750 ፔሊካኖች ሞተዋል።

በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት ተጋላጭነት መለየት አለበት። አንዱ የብዛት ነው፦ በጥቅምትና በመጋቢት መካከል ከሰሜን የሚመጡት ባለ ሹል ጭራ ዳክዬ፣ ጋርጋኒና አካፋ ምንቃር ዳክዬ በጣና፣ በዝዋይና በቢሾፍቱው ጨለለቃ ከአገሬው ወፎች ጋር በአንድ ውሃ ይውላሉ። ሌላው የብርቅነት ነው፦ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የትም የለም። የሶልዌይ ዝይዎች ሲሶአቸው ሲሞት የተቀሩት በአሥር ሺዎች ነበሩ፤ ይህ ዝይ እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለውም። የዝይ ዘመዶች በገዳዩ ዓይነት እንደሚሞቱ ከቺንግሃይ ጀምሮ ይታወቃል፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ከማላርድ ሳይሆን ከእነዚያ መነሣት አለበት።

የሶልዌይ ሲሶም የፕሬስፓ 40 በመቶም ሊሰላ የቻለው ወፎቹ ከወረርሽኙ በፊት በየዓመቱ ይቆጠሩ ስለነበር ነው። ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 ጀምሮ በየጥሩ ይካሄዳል፤ በኢትዮጵያም የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ይሳተፍበታል። ቆጠራው በተቋረጠበት ሐይቅ ላይ የሚደርስ እልቂት ከስንቱ ስንቱ እንደሞተ አይነገርለትም። ምርመራውም እንዲሁ ከሁለት በኩል መምጣት ይኖርበታል። በፎገራ የሩዝ ማሳ ላይ ክሬኑ፣ ዳክዬውና የገበሬው ልቅ ዶሮ አንድ ቦታ ይለቅማሉ። ዶሮው በድንገት ሲሞት ፈንግል ነው ይባላል፤ ፈንግልና ገዳዩ የወፍ ጉንፋን ደግሞ በዓይን ስለሚመሳሰሉ የሚለያቸው እንደ ሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያለ ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ቫይረሱ ከክሬኑ ወደ ዶሮው መሄድ እንደሚችል ሁሉ፣ ከገበያ ከመጣ ዶሮም ወደ ክሬኑ ሊሄድ ይችላል። አቅጣጫውን ለማወቅ በአንድ ሰሞን ከሞተው ዶሮም ከሞተው የዱር ወፍም ናሙና ተወስዶ የሁለቱ ቫይረስ የዘር ሐረግ ጎን ለጎን መነበብ አለበት።